ስም ያልወጣለት ጓሮ

ይድረስ ለአስካለ፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ልማድ አይለቅም። አንቺ ግን አሁን ጤና የሚጠየቅበት አገር አይደለሽምና የእኔን ብቻ ልንገርሽ። ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፤ ሌላው ደህና ነው። የካ ሚካኤል ካሳረፍንሽ አራት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም፤ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ምን ይጻጻፋሉ? አሁን የምጽፍልሽ ሳልነግርሽ የቀረ ነገር ስላለ ነው። ይቅርታ የምልሽም ነገር አለ። እሱን ግን ወደ መጨረሻው አደርሳለሁ፤ ታውቂኛለሽ፣ ቶሎ አይወጣልኝም።

ቤታችን ያው ነው። በነፋስ በኩል ያለው ግድግዳ ረግፎ ነበር፤ አምና መረግሁት። ላሟ ጥጃ ወለደች፤ ሴት ናት። ከተማው እየገፋ ወደ እኛ መጥቷል፤ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ቤት የማይቆምበት ወር የለም። ልጃችን የሺ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እንዲህ በአንድ መስመር ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ጨርሳ ልትቀር ጥቂት ቀርቷት እንደነበር ነው የምነግርሽ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከጎጆ መውጫችን ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ እኔ ገበሬ ነኝ፣ አንቺ ደግሞ ጓሮ ትጭሪያለሽ። ገብሱ የእኔ፣ ቅጠሉ የአንቺ። ገብሱ አውድማ ላይ ሲደርስ የባለመሬቱ ወኪል ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ሲሶውን ያስጭናል፣ ከቀረው ላይ ዘር ይነሳል፣ የተረፈውን እንበላለን። ይህ ነበር ለእኔ ኑሮ ማለት። አንቺ ከቤቱ ጀርባ በሶብላሽን፣ ጤና አዳምሽን፣ ኮሰረትሽንና ድንብላልሽን ይዘሽ ጎንበስ ብለሽ ትውያለሽ። በበጋ ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚወስደው ዳገት ወጥተሽ ጦስኝ ትለቅሚያለሽ። ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮሰረቱን ገለባ ታለብሺዋለሽ፤ እኔም ለልጅሽ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቂም እያልኩ እስቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወርደሽ ትመለሻለሽ። ጨው አለ፣ ጋዝ አለ፣ የየሺ ደብተር አለ። ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የገብሱ በረከት መስሎኝ ነበር፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለእኔ ነው።

ጭቅጭቃችንን ታስታውሻለሽ፤ እንዴት ትረሺዋለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሲተክል እኔም ጓሮውን በባሕር ዛፍ ልሙላው አልኩሽ። ውሃ አጠጡኝ አይል፣ አርሙኝ አይል፣ አጣናው ደግሞ ቁመቱን ሳይጨርስ ለቤት ሠሪ ይሸጣል። አንቺ እምቢ አልሽ። ምክንያቱን ስጠይቅሽ ቦታው ጠባብ ነው ትያለሽ፣ ሌላ ቀን ጥላ ያበዛል ትያለሽ፣ ሌላ ቀን ዝም። ሴትየዋ ግትር ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። እኔ ግትር ማለት!

አንድ ቀን ደግሞ ወኪሉ ገብሱን ሰፍሮ ሲጨርስ ወደ ጓሮ ዞረና ይህ ሁሉ ቅጠል ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ እኔ ቀደምኩና፣ ኧረ ጌታዬ ይተዉት፣ የሴት ጨዋታ ነው፣ እርሻ እንኳ አይባልም አልኩት። ሳቅን። አንቺ ቀና አልሽና ፈገግ ብለሽ አንድ እስር ጤና አዳም ቆርጠሽ ሰጠሽው። እያሸተተ ሄደ። እኔ በሰው ፊት ስላዋረድኩሽ ታኮርፊያለሽ ብዬ ስጠብቅ ማታ ራት ላይ ጨመርሽልኝ። ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ዓመታት አለፉ።

ካረፍሽ በኋላ የመጀመሪያውን መከር እኔው ልሰብስብ አልኩ። ቅጠል መልቀም ምን ያቅታል? በሶብላውን አጨድኩት፤ ለቀምኩት አልልሽም፣ በማጭድ ነው ያጨድኩት። ከዚያ ገብስ እንደማሰጣው ጀንዲ ዘርግቼ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን ሲንኮሻኮሽ ደስ አለኝ። ጆንያ ሞልቼ ሾላ ወረድኩና አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። መርካቶ ውስጥ ቅመም የሚነግድ ወንድ ሞልቷል፤ ከጓሮው ቅጠል አስሮ ከሴቶቹ ተራ የሚቀመጥ ባላገር ግን አልነበረም። ቀጥሎ አንዷ ከጆንያዬ ቆንጥራ መዳፏ ላይ አሸችና አሸተተች፤ ለሁለተኛዋ አቀበለቻት፤ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ። ቅጠሉ ተራውን ዞሮ ሲመለስ የበላያችን ጎረቤት ጫልቱ፣ አንተ የየሺ አባት፣ ይሄ እኮ ጭድ ነው፣ ሽታውን ለፀሐይ አብልተኸዋል አለችኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አንቺ ጥላ ውስጥ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠልጥለሽ ታደርቂው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት ጭንቅላቴን እየመታኝ ከሥሩ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ለምን እዚያ ተሰቀለ አላልኩም።

አፈርኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም አፈርኩ። ጆንያውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት የአጣና ነጋዴው በደጅ ሲያልፍ ጠራሁት፤ ቀብድ ሰጠኝ፣ ችግኝ ገዛሁ፣ ክረምቱ ሲገባ ከጓሮው የላይኛውን ግማሽ፣ ጓሮውን ከምታጠጣው ከምንጯ በላይ ያለውን፣ በባሕር ዛፍ ሞላሁት። የተከልኩት ከአንቺ ጋር የነበረብኝን ክርክር ለማሸነፍም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም አልታደልኩም።

ዛፉማ አደገ! በሁለተኛው ዓመት ከእኔ ቁመት አለፈ። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አየው ነበር፤ እንደ ልጅ ያኮራል። ምንጯ በዚያው በጋ ቀጠነች፤ በጋው ነው አልኩ። ታችኛው ኮሰረት ጠወለገ፤ ውርጩ ነው አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ወኪሉ ለገብሱ መጣና አሻግሮ የዛፎቹን ጫፍ አየ። ዞሮ ቆጠራቸው። ዛፍ የመሬቱ ነው፣ መሬቱ ደግሞ የማን እንደሆነ ታውቃለህ አለኝ። ግማሹ ለባለመሬቱ ተጻፈ። ከዚያ እርሳሱን ሳያነሳ፣ ቦታውስ መቼ ነው የተያዘው፣ ከከርሞ ጀምሮ ከሥሩ ያለው ቅጠልም አብሮ ይታያል አለ። በአንቺ ጊዜ አንድ እስር ጤና አዳም ይዞ ይሄድ የነበረ ሰውዬ ነው እኮ።

ቀብዱ አልቋል፣ ታችኛው ጓሮ ጠውልጓል፣ ገብሱ ደግሞ እንደምታውቂው ነው። መስከረም ሲጠባ ለየሺ የሚከፈል አልነበረም። ወንድሜ መጣና ልጅቷ ደርሳለች፣ ሰው ይፈለግላት አለ። እኔ እምቢ አላልኩም አስካለ። እሺም አላልኩም፤ ግን እምቢ አላልኩም፤ እሷም ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ያን ሳምንት ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ታጥባለች፣ ቃል አትናገረኝም። ፊቷ ቁርጥ አንቺን ሆነብኝ።

ጫልቱ የመጣችው ያኔ ነው። የሺ ሄዳ ነግራት ይሁን በራሷ፣ አልጠየቅኳትም። ደጃፉ ላይ ቆማ ዛፎቹን አየችና በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉተመተመች፤ ምርቃት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ባሕር ዛፍን እምቢ ያልሽው ለጥላው አልነበረም። ገብስ ስም አለው፣ ዛፍ ስም አለው፣ ስም ያለው ሁሉ ደብተር ላይ ይወጣል፤ በሶብላ ግን ስም ያልወጣለት ነገር ነው፣ ከእሱ ሲሶ የሚጠይቅ የለም፣ ልጄን የማስተምረው በእሱ ነው ብለሻታል። ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም አልኳት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ጫልቱ ሳቀች። ይሄው ትጮሃለህ፣ አንተ ያወቅከውን አገር ያውቀዋል፣ ብታውቅ አውድማ ላይ ትፎክርበት ነበር ብላኛለች አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እፎክርበት ነበር።

በማግሥቱ መጥረቢያ አነሳሁ። ቀጫጭኑንም ወፍራሙንም ቆረጥኩት። የባለመሬቱን ግማሽ ቆጥሬ በአህያ ጭኜ ላክሁ፤ ነገር እንዳይኖር። የእኔን ግማሽ ነጋዴው በቀብዱ ወሰደው። ግን ባሕር ዛፍን ታውቂዋለሽ፤ አንዱን ብትቆርጪው ሦስት ሆኖ ይበቅላል። ጉቶውን አንድ በአንድ ከነሥሩ በዶማ ነቀልኩ። ጉልበቴ የሄደው እዚያ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ወር ሙሉ ስቆፍር የሚያልፍ ሁሉ ምን ጠፋህ ይለኝ ነበር። የሺ በአራተኛው ቀን ዶማዬን ተቀብላኝ ውሃ አጠጣችኝና፣ አባባ፣ አረፍ በል አለችኝ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ ዞር ብዬ ፊቴን ጠረግሁ። ለወንድሜም በዚያው ሰሞን እምቢ አልኩት፤ ዛሬም ቅር ብሎታል።

ዘርሽ አልቆ ነበር። ጫልቱ አንቺ ሰጥተሻት ከነበረው በሶብላ አንድ እፍኝ መለሰችልኝ፤ ኮሰረቱን ከእሷ ጓሮ ገንጥላ አስተከለችኝ። ገንዘብ ልስጥሽ ብላት ሞኝህን ፈልግ አለችኝ። ምንጯ በበልጉ ዝናብ ትንሽ ተመለሰች። በእጄ ለቀምኩ፣ ከወራጁ ላይ አንጠለጠልኩ፣ አሁንም ጭንቅላቴን ይመታኛል። ቅዳሜ ሾላ ወረድኩ። የምቀመጥበት አጥቼ ስቆም ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉና ቦታሽን ከፈቱልኝ። አንዷ ቆንጥራ አሸች፣ አሸተተች፣ ለሁለተኛዋ አቀበለች። ተራውን ዞሮ ሲመለስ ጫልቱ ይሄስ የአስካለ ነው አለች። የሺ ያን ዓመት ቤት ዋለች፤ የዘንድሮው ጫማዋና ክፍያዋ የወጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ከመስቀል በኋላ ወኪሉ መጣ፤ ያለ ጊዜው፣ ለጓሮው ብሎ። ዛፎቹ የነበሩበት ቦታ ቆሞ ዙሪያውን አየ፤ እስከ ላይ ድረስ ለምለም ነው። ደብተሩን ከፈተ። የሺ ከበሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ይህ ምንድን ነው፣ ምን ብዬ ልጻፈው አለኝ። ጌታዬ፣ የሴት ጨዋታ ነው አልኩት። ሰውዬው እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ሴቲቱ እኮ ሞታለች፣ ማን ነው የሚጫወተው አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተከትለውት የመጡትን ሁለት ሰዎች ጠርቶ ስሙልኝ፣ ሰውዬው ሚስት ሆኗል አላቸው፤ እነሱም ሳቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴቶች ተራ እንደሚቀመጥ እኔም ሰምቻለሁ አለ አንዱ። የዛሬ አምስት ዓመት ቢሆን ዱላ እናነሳ ነበር። ጎንበስ አልኩና አንድ እስር ጤና አዳም ቆርጬ በሁለት እጄ ሰጠሁት። አሸተተ። እርሳሱን ኪሱ ከተተ፣ ደብተሩን አጠፈና እየሳቀ ወረደ። የሺ በኋላ እንደነገረችኝ ፈገግ ብዬ ነበር። የአንቺን ፈገግታ ከዓመታት በኋላ ያወቅኩት በገዛ ፊቴ ላይ ነው።

ስለዚህ ይቅር በይኝ። ያን ቀን የሴት ጨዋታ ስል ለማዳን ብዬ አልነበረም፤ የምሬን ነበር። አንቺ ንቀቴን እንደ አጥር ተጠቀምሽበት፤ እሾሁ ግን ወደ አንቺም ወደ ውስጥ እንደዞረ አሁን ይገባኛል። ብቻሽን ነበርሽ፣ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ መሐላ አልወድም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታሽ ላይ እቀመጣለሁ፤ ኅዳር ሲገባ ኮሰረቱን ገለባ አለብሰዋለሁ፤ ዘር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ይህን ወረቀት አጥፌ ከወራጁ በታች ከሚንጠለጠለው የዘር ቅል ውስጥ እከተዋለሁ፤ እዚያ ደብተር የያዘ ሰው አይደርስም። የሺ ተምራ እስክትጨርስ በሰው ፊት የሴት ጨዋታ ማለቴን አልተውም፤ ይሳቁ። ለአንቺ ግን ስሙን እዚህ ልጻፍልሽ። እርሻ ነው አስካለ። የዚህ ቤት ገበሬ አንቺ ነበርሽ።

ባልሽ ወርቁ