በበሩ ያልገባ ወንበር

አምቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ሒሳብ፦ ከጎጆ ከተማ የመጣ ድንች ስምንት ኩንታል ወጣ። ቀይ ሽንኩርት ሦስት። አንድ ኩንታል ድንች በስብሶ ተጣለ። ከትልቁ ቤት አዲስ ተከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ገባ። በዱቤ የሄደ የለም።

ለሮዳስ አባት፣ ለባለቤቴ ለዘሩባቤል፦

እንደምን ሰነበትክ? ከላይ ያለውን አይተህ «ይቺ ሴት ለደብዳቤም ሚዛን ታወጣለች» እንደምትል አውቃለሁ። በየቀኑ በማስታወሻዬ የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ እጄ ሌላ መጀመሪያ አያውቅም። ስልክህን ስለዘጋህ ወረቀት አነሣሁ። ሾፌሩ ዓብዲሳ ወደ እንጭኒ ገበያ ስለሚወጣ ይህን እሱ ያደርስልሃል።

መጀመሪያ ቁም ነገሩ። ጡረተኛ ሁሉ በሕይወት መኖሩን በአካል ቀርቦ እንዲያሳይ ተጠርቷል። ካልቀረብክ አበሉ ይቆማል። የባንክ ደብተርህ እዚሁ ትተኸው የሄድክበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ የገባልህን አንተም አላወጣኸው፣ እኔም አልነካሁት።

ይህንን የነገረኝ ኦቦ ለሊሳ ነው። አብራችሁ መዝገብ ቤት ገብታችሁ አብራችሁ ጡረታ የወጣችሁት ለሊሳ፣ ጎጆ ከተማ አንድ ገበሬ ዘንድ በግ የሚያረባው። ትናንት ሱቅ መጣ። «በጎቹስ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«የምን በግ? በየበዓሉ በላናቸው እኮ፣ ብርቅነሽ! ለጡረታ የተረፈኝ ይኸው ነው» አለና ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው ሲወጣለት ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ኪሎ ድንች በዱቤ ጠየቀኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይህችን ዝቅ ያለች ድምፅ ነው። አባቴን ደርሰህበታል። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ዘበኛ ሆኖ፣ በጡረታው መድኃኒት ሲገዛ እህል ይጎድለው፣ እህል ሲገዛ መድኃኒት ይጎድለው ነበር። ስለዚህ ስንጋባ «የሚከራይ ክፍል እንሥራ» አልኩህ፤ አንተም «እሺ» አልክ። አንተ ደመወዝ ሲጨመርልህ ግድግዳ ቆመ፣ እኔ ንግዱ ሲቀናኝ ቆርቆሮ ተገዛ። ለተማሪ ስድስት ክፍል፣ ከፊት ለፊት ባለ በረንዳው ትልቅ ቤት። እኛ ጡረታህ እስኪደርስ ብለን ለጊዜው ማዕድ ቤት ገባን። ለጊዜው ያልነው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። በረንዳው ሥር የተከልከውን ኮክ እንኳ ሸጥነው እንጂ አልበላነውም። ሮዳስ በልጅነቷ እንቁላል ስትጠይቅ «በጡረታ» ብለህ ስታስቃት ትዝ ይልሃል? አንተም ትስቅ ነበር። ቅር ካለህ ያኔ ለምን አልተናገርክም? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እሺ» ያለ ሰው በአንድ ቀን እንዴት ይከፋዋል?

ያንን ቀን ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰለህ። መሥሪያ ቤትህ ሲሸኝህ ጋቢ አለበሱህ፣ ያንን ትልቅ ባለ መደገፊያ ወንበር ሰጡህ። «በረንዳህ ላይ ተቀመጥበት» አሉህ፤ በረንዳው የተከራይ መሆኑን ማን ነግሯቸው! በባጃጅ ጭነህ አመጣኸውና በቀጥታ ትልቁ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጠህ፣ ጋቢህን እንደለበስክ ተቀመጥህበት። እኔ ጓሮ ድንች እየመረጥኩ አይሃለሁ። ተከራያችን መምህር ቦንሳ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ እዚያ አገኘህ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀህ።

«አከም ጂርቱ፣ ጋሼ! ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አይ፣ ልነሣ ነው» አልከው።

ወንበሩን ተሸክመህ ወደ እኛ መጣህ። ፊት ለፊት ሞከርከው፤ አልገባም። በጎን አዞርከው፤ አልገባም። እግሩን ወደ ላይ ገለበጥከው፤ እንቢ አለ። በሩ ሲሠራ የተለካው ለሰውና ለጆንያ ነበር። ከጣራው ጠርዝ ሥር አስቀመጥከውና «ብርቅዬ፣ ትልቁን ቤት እናስለቅቅ» አልከኝ። ውሉን ከሁለት ሳምንት በፊት እንዳደስኩት ነገርኩህ። የአበልህንና የኪራዩን ልዩነት በጣቴ ቆጠርኩልህ። አንተ ግን ጣቴን አላየኸውም።

«እሺ፤ የእኔ ጡረታ መቼ ነው?» አልከኝ።

ሽንኩርት የሚገዛ ሰው መጣና ሄድኩ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ እንጭኒ እህትህ አረጋሽ ዘንድ ሄድክ።

ሮዳስ ከእጃጂ ደውላ «እማዬ፣ አባዬን አከራየሽው ወይስ ሸጥሽው?» አለችኝ። እዚያ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ በመጀመሪያ ደመወዟ አልጋና ጫማ ገዝታለች። «ለጡረታሽስ?» ብላት «እሱን አሁን እየበላሁት ነው» አለችኝ። የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ።

ዓብዲሳ ባለፈው ገበያ አይቶሃል። አረጋሽ ደጃፍ፣ መደገፊያ በሌለው ዱካ ላይ ተቀምጠህ ፀሐይ እየሞቅክ ከጎረቤት ጋር ትስቅ ነበር አሉ። «ያማረ ሳቅ ነው የሚስቁት፣ እትዬ» አለኝ። የዚያን ቀን የጭነት ሒሳብ ስከፍለው ዝርዝሩን ሳይመልስልኝ ሄዷል፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

መምህር ቦንሳ በመስከረም ለቀቀ። በቤት ማኅበር ቦታ ደርሶት ቤት እየሠራ ነው። «ከፊት ያለውን አከራይቼ እኔ ለጊዜው ከኋላ እገባለሁ» አለኝ። ምን ልበለው?

ትልቁ ቤት ሁለት ሳምንት ባዶ ሆነ። በመካከሉ ልጠርገው ገባሁና በረንዳው ላይ ቆምኩ። በወንጪ በኩል ያለው ተራራ እንዳለ ይታያል። ለካ ኮኩም ትልቅ ጥላ አውጥቷል። እዚያ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አንተ ግን ታውቀው ነበር መሰለኝ። አዲሱ ተከራይ ሲመጣ ተራራውን አሳየሁት። በወር አምስት መቶ ብር ጨመረልኝ።

አትቆጣ። ገንዘቡን ተቀብዬአለሁ፣ ውሉም ተፈርሟል። ለሊሳን አይቼ ቤቱን እንዴት ባዶ ላሳድረው?

ወንበርህ ክረምቱን ጣራው ሥር ከረመ። አንድ እግሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ የቀረው ደህና ነው። በድንች ማዳበሪያ ሸፍኜዋለሁ። ሁለት ሰው «ይሸጣል?» ብሎ ጠይቆኛል። አይሸጥም ብያለሁ።

ብርዱ እንዳይጎዳህ ጋቢህን ደርብ። ለአረጋሽ የላክሁት ግማሽ ኩንታል ድንች ጭነቱ ላይ አለ፤ የሰው ቤት በባዶ እጅ አይከረምም። እመብርሃን ካለህበት በጤና ትጠብቅህ፤ መንገድ ስትጀምርም ከፊትህ ትቅደም።

የሮዳስ እናት
ብርቅነሽ

ነገ፦ ሱቁን ረፈድ አድርጎ መክፈት። ጠዋት አናጢው ባይሳን ማምጣት፤ የማዕድ ቤቱን መቃን ነቅሎ በሩን በወንበሩ ልክ እንዲያሰፋው።