ቀስት ያልተሳለበት ፕላስቲክ

ሰኞ
ደሜ ፈልቷል። «ይሄ የፕላስቲክ ድብልቅሽ ሲሞቅ በጣም ይለጠጣል፤ ዓርብ ስብሰባ ላይ እንጥለዋለን» አለኝ አለቃዬ፣ ማስቲካውን እያኘከ። የሁለት ዓመት ልፋቴን! ሊኩዊድ ክሪስታል ፖሊመር የሚባለውን ሙቀት የማይበግረው ፕላስቲክ ከተራው ጋር ያዋሃድኩት እኮ ሲሞቅ እንዳይለጠጥ ብዬ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጮህኩ። አጠገቤ ፓርክ ያደረገው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ማክሰኞ
ናሙናዎቹን አሙቄ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው፣ ይለጠጣሉ። ማሽኑን ሰደብኩ፣ ምድጃውን ሰደብኩ። ማታ ወደ ቤቴ ስነዳ፣ ሰፈሬ ሌክ ሲቲ ልደርስ ስል ብልጭ አለልኝ። ድብልቁ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ፍሰቱን ተከትለው ይሰለፋሉ። በዚያ አቅጣጫ ሙቀት ብዙም አይለጥጠውም፤ ወደ ጎን ግን ይለጥጠዋል። ሶ ናሙናዎቹ በጎን ተቆርጠው ቢሆንስ? የቆረጡት ደግሞ ቴክኒሽያናችን ጋሽ ተፈራ ናቸው።

ረቡዕ
አልጠየቅኳቸውም። እዚያ መሥሪያ ቤት ሐበሻ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ሥራውን ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። «አበላሹብኝ» በየትኛው አፌ ልበል? «ደህና አደሩ ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። ደህና አደሩ! ፈረንጅ ቢሆኑ ገና ከበር ጠይቄያቸው ነበር። በእሳቸውም በራሴም ተቃጠልኩ።

ሐሙስ
ፈነዳሁ።
«ጋሼ፣ ናሙናውን በየት በኩል ነው የቆረጡት?»
«በጎኑ ነዋ። የሰጠሽኝ ስዕል ላይ ፍሰቱ ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ቀስት የለም።»
«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»
«ኢንጂነሯን? ረስተሻል ብዬ በሰው ፊት ላሳፍርሽ?»
እሳቸው እንዳላፍር፣ እኔ እንዳይቀየሙኝ፣ በመሃል ድብልቄ ሊቀበር! ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር ገደል ይግባ! ተጯጯህን። ኋላ ጓንታቸውን አጠለቁና «በይ፣ አሁን ቀስቱን ሳዪው» አሉ። ሳልኩት፤ እዚያው ቆመው በቀስቱ በኩል ቆረጡልኝ።

ዓርብ
በፍሰቱ በኩል የተቆረጠው ሲሞቅ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ስብሰባው ላይ ሁለቱንም ውጤት አሳየሁ፤ በጎን መለጠጡን አልደበቅኩም። «ኦኬ፣ ለጊዜው አንጥለውም» አለ አለቃዬ። ለጊዜው! ማስቲካውን ይዋጠው።
ምሳ ሰዓት ፍሪጁን ስከፍት፣ ምሳ ዕቃዬ ላይ በማርከር ትልቅ ቀስት ተስሏል። ከሥሩ የጋሽ ተፈራ ጽሕፈት ነው፦ «በየት በኩል እንደሚከፈት ካልገባሽ ጠይቂኝ።»
ሄጄ ጠየቅኳቸው። አብረን በላን።