የዘይት መቀየሪያው ወረቀት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን

ጉድ የሠራኝ ተስፋዬ ነው፤ ሟቹ ባለቤቴ ክርስትና ያነሳው መካኒኩ ተስፋዬ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ መሸጡን ጉልበቴ ሲከለክለኝ፣ ጥሪቴን ሁሉ በዚህች ያገለገለች ትንሽ መኪና ላይ ያፈሰስኩት እሱን አምኜ ነው። «እማማ፣ ብዙ ያልሄደች ናት፤ ነዳጅም አትበላም። በኮንትራት እየሠራች ትጦርዎታለች» ብሎ ማለልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላት ዘይት ትጠጣ ጀመር፤ ጭሷም ሰው አያስጠጋም። ሌላ መካኒክ ሞተሯ አልቋል አለኝ።

ዛሬ ውስጧን ስጠርግ ከወንበሩ ሥር ዘይት የነካው ወረቀት አገኘሁ። ዘይት ሲቀየር ጋራዥ የሚጽፈው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ያውም ለማንም ሳልነግር ነው፤ ግን አነበብኩት። አምና የተጻፈው ኪሎ ሜትር መኪናዋ ዛሬ የምታሳየው እጥፍ ነው። ከሥሩ የተስፋዬ ስምና ፊርማ አለ።

ጋራዡ ሄጄ አሳየሁት። ደነገጠ፤ ከዚያ ሊስቅ ሞከረ።

«እማማ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያነቡት?»

«ቀድሜ ብነግርህ ኖሮ ሌላ መሃይም ትፈልግ ነበር» አልኩት።

ለፋሲካ እንደ ልማዱ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ከእንግዲህ በሬን አልከፍትለትም።