በአረንጓዴ ፕላስተር የታሸገው ሣጥን

ለምወድሽ እህት ዓለሜ ለአዴሊያ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳል ዘንድሮ ምሮሻል? ባልሽ ክሌመንት ወገቡን ተሻለው? እማዬ ከዐይኗ ኦፕራሲዮን ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻለች? ልጃችሁ ዊኒስ አደገች? እኛ አራታችንም ጤና ነን። አባወራዬ ቨርጂል ጢሙ ከመሸበቱ በቀር እንደነበረ ነው። ትንሹ ኦሪን የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲያወራ ያፏጫል። ትልቋ ማሬታ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ብታዪያት አታውቂያትም።

ከተጻጻፍን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ በቅንነት «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ትምህርት ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፣ አልጋም አለ» ብለሽ ብትጽፊ እኔ ደሜ ፈልቶ «ልጄን ማስተማር ያቃተኝ ቀን እነግርሻለሁ» ብዬ መለስኩልሽ። ደብዳቤው በሄደ በማግስቱ ተጸጽቻለሁ። ግን ታውቂኛለሽ፤ ይቅርታ ለማለት አፌ ይተሳሰራል። ዛሬም የምጽፍልሽ ጭንቀቴን የማካፍለው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓመቱ የትምህርት ዕቃ ሣጥን አልመጣም። የመጨረሻው የዕቃ ጀልባ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ወንዙ በበረዶ ረግቶ በፀደይ እስኪከፈት ድረስ ሌላ ጀልባ የለም። ዱቄቱ መጣ፣ ጋዙ መጣ፣ የሞተር ዘይቱ መጣ። የልጆቹ ሣጥን ግን የለም። ከጀልባው ወደ ዳርቻው እየተቀባበልን ስናወርድ እያንዳንዱን ሣጥን ዐይኔ ሲከተል ነበር። የመጨረሻው ወርዶ መርከበኞቹ ገመድ ሲፈቱ እኔ ገና ሣጥን እየቆጠርኩ ነበር።

አንቺ ሱቁ ጥግ ላይ ስለሆነ እርሳስ ሲያልቅ ዊኒን ልከሽ ታስገዣለሽ። እኔ በፀደይ የወንዙ በረዶ ሲሰበር ቁጭ ብዬ ዓመቱን ሙሉ የሚያልቀውን ሁሉ አስቤ መጻፍ አለብኝ። እስክሪብቶ አላዝም፤ በከባዱ ብርድ ቀለሙ ይረጋል። ሙጫም አላዝም፤ አንዴ ከቀዘቀዘ እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራል፣ ስለዚህ በዱቄት ነው የምናጣብቀው። ደብተሩ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ካልተቀመጠ አይጥ ቦጫጭቃ ጎጆ ትሠራበታለች። ላጲስ ኦሪን ስለሚያኝክ እጥፍ አድርጌ አዛለሁ። ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ያለችው በርታም ልጆቿን የምታስተምረው እንደኔ እቤቷ ነው። ዝርዝራችንን እናስተያያለን፤ አምና እኔ ሁለት ኮምፓስ ሰጥቻት አትላሷን ወሰድኩ። ዘንድሮ ስድስት ደርዘን እርሳስ መጻፌን አይታ «ሎርና፣ የምታስተምሪው ሁለት ልጅ ነው ወይስ ክፍለ ጦር?» ብላ ስትሥቅብኝ ዋለች።

እውነቷን ነበር፤ አብዝቻለሁ። ግን ምክንያት አለኝ። አምና መጽሐፎቹ ከገና በኋላ ነው የደረሱልን፣ በየፀደዩ በአውሮፕላን እየመጣች የምትፈትናቸው መምህርት ማሬታ በሒሳብ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች አለች። ያን ጊዜ ከቨርጂል ጋር ውል ገባን። ዘንድሮ ሣጥኑ በመጨረሻው ጀልባ ካልመጣ ማሬታ ወንዙ ሳይረጋ ውኃው ላይ በሚያርፈው የመጨረሻ አውሮፕላን አንቺ ዘንድ ትሄዳለች። «ሁለተኛ ዓመት አላቃጥልባትም» አለኝ። እሺ አልኩ። የማጣት መስሎ አልታየኝም ነበራ።

ትናንት ግን የበርታ ባል ራግናር ከአደን ሲመለስ አንድ ወሬ አመጣ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በሽማግሌው በኤሞስ ዳርቻ ላይ፣ አረንጓዴ ፕላስተር የተጠቀለለበት ሣጥን አይቷል። እዚህ ወንዝ ላይ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀለም አለው፤ የኛ ቢጫ ነው፣ የኤሞስ አረንጓዴ ነበር። ጥቅል ፕላስተራችንን ከትዕዛዙ ጋር እንልካለን፣ ሱቁ ሣጥኑን በሱ ይጠቀልለዋል፣ መርከበኞቹም ቀለም እያዩ ያወርዳሉ። የሌላ ቀለም ያለበትን ሣጥን ማንም አይነካም፣ ራግናርም አልነካውም። ኤሞስ ግን ጉልበቱ ሲደክም በፀደይ ዕቃውን ለኛ አከፋፍሎ ወደ ልጁ ሄዷል። ዘንድሮ መርከበኞቹ አዲስ ስለሆኑ ይህን አያውቁም። የኤሞስ ካልሆነ ታዲያ የማን ነው? ቨርጂል አፍጥጦ አየኝና ቢጫውን መላኬን ጠየቀኝ። ልኬያለሁ አልኩት፣ ግን እንደሱ ሲያፈጥብኝ ራሴንም ተጠራጠርኩ።

ወንዙ የበረዶ ቅርፊት ማውረድ ጀምሯል። አውሮፕላኑ ዓርብ ጧት ነው። ነገ ኦሪንን ለበርታ ትተን ሦስታችን በጀልባ እንወርዳለን። ጸልይልኝ፤ ለመንገዱም ለሣጥኑም።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ሰኞ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ወረድን። ማሬታ ከፊት ቆማ በረጅም እንጨት በረዶውን እየገፋች፣ ቨርጂል ሞተሩን ይዞ፣ እኔ መሀል ተቀምጬ ውኃ እየቀዳሁ ስደፋ። ልጅቷ ጧት የሰጠኋትን ዳቦ ሳትቀምስ ኪሷ ከተተችው። የመንገዱ ጭንቀት ነው አልኩ። ወንዙ መሀል ወዳለው የመጨረሻ የአሸዋ ቁልል ስንቃረብ አንድ ትልቅ የበረዶ ቅርፊት ሞተሩን መታውና መዘውሩን የያዘው ፒን ተሰበረ። ጀልባው እንደፈለገ መዞር ጀመረ። ቨርጂል ገመዱን ይዞ እስከ ወገቡ ውኃው ውስጥ ዘለለ። ይህን ጊዜ ማሬታ ያን እንጨት ጥላ «አባ ተመለስ! ሣጥኑ ይቅር!» ብላ ጮኸች። ልጄ እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቨርጂል መሬት ያዘ። እሳት አንድደን ልብሱን አደረቅን፣ ፒኑን ቀየረ፣ ኤሞስ ዳርቻ ደረስን። ሣጥኑ ከላዩ ሸራ ጣል ተደርጎበት አንድ ጥግ ተቀምጧል፣ ደረቅ ነው። ሸራውን ስናነሣ በላዩ ላይ የኛ ስም ተጽፎበታል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በመመለሻው ሁሉ ሣጥኑን አቅፌ ነበር የተቀመጥኩት። ቨርጂል ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ረታሽኝ» አለኝና ሣቀ። ማሬታ ግን አልሣቀችም።

ትናንት ጧት ሣጥኑን ከፈትኩ። እርሳሱ፣ ደብተሩ፣ ማስመሪያው፣ የሒሳብ መጽሐፉ፣ ምንም አልጎደለም። ከላይ ከትዕዛዛችን ዝርዝር ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት በስፒል ተያይዛለች፤ «እባካችሁ ይህን ሣጥን በዚህ አረንጓዴ ፕላስተር ጠቅልሉት» ትላለች። የኔ ጽሕፈት አይደለም። የመጨረሻዎቹን ፊደላት ጅራት ወደ ላይ የሚያጥፍ ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እንዲያ እንዳታጥፍ ስቆጣት ሰባት ዓመት ሙሉ ኖሬያለሁ። ክው አልኩ። በፀደይ ትዕዛዙን ጠቅልላ ለፓይለቱ የሰጠችው ማሬታ ነበረች። ውላችንን ሰምታ ኖሮ፣ ኤሞስ ከተወልን ዕቃ መሀል አረንጓዴውን ጥቅል አንሥታ በኛ ቢጫ ፈንታ ማስገባቷን አሁን ነው የገባኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አልካደችም። ጀልባ ላይ ጩኸቷ ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አባቷን በሷ ምክንያት ውኃ ሊወስደው ነበር። ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ እርሳስ አልጎደለኝም። አንቺም ጥሩ አስተማሪ ነሽ። አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነው የጎደለኝ።»

አዴሊያ፣ ወጥቼ የሳምንት እንጨት ፈለጥኩ። መጀመሪያ በሷ ተናደድኩ፤ አታልላኛለች፣ አባቷን ለሞት አጋልጣለች። ቀጥዬ ባንቺ ተናደድኩ፤ ይህን ሐሳብ ልቧ ውስጥ የከተተው የዚያን ጊዜ ደብዳቤሽ ነው ብዬ። በመጨረሻ ግን የምናደድበት ሰው አለቀብኝ። ለሷ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በየዓመቱ ሳስብ፣ ስመርጥ፣ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ አንዴም እሷን ጠይቄያት አላውቅም።

ቨርጂል ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። «በውላችን መሠረት ሣጥኑ ስለመጣ ልጅቷ ትቀራለች፣ የረታሽው አንቺ ነሽ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ያንቺ ነው» አለኝ። ከዚያ መጥረቢያውን ከእጄ ወስዶ እሱ ይፈልጥ ጀመር።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ያቀበለችሽ ልጅ ማሬታ ናት። ለምን እንደላክኳት ታውቂ ዘንድ እሷ ፊት ሳይሆን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በሬዲዮ መልእክት ሰደን እንድትቀበያት ነግረንሻል፤ ምክንያቱን ግን በሬዲዮ አገር እየሰማ እንዴት እናገራለሁ? ትምህርት ከተጀመረ ወር ስለሚያልፈው መጀመሪያ ትደነግጥ ይሆናል። ሒሳብ ላይ ትቸኩላለች፣ እንድታርም አስገድጃት። ዓሣ አትስጫት፤ ዕድሜ ልኳን በልታዋለችና እስቲ ትረፍ። መኪና ስለማታውቅ መንገድ ስትሻገር ለጊዜው እጇን ያዥልኝ፤ ትልቅ ነኝ ብላ ብትቆጣም ያዥ። ደብተር ግዢላት፤ ከኔ ሣጥን የወሰደችው አንድ እርሳስ ብቻ ነው። የቀረው ለኦሪን ነው፤ እሱም አድጎ ሌላ ነገር እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ስለዚያ ክፉ ደብዳቤዬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይኸው አልኩት።

ለክሌመንት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ቨርጂል ለሱ የላከው የደረቀ ሥጋ በማሬታ ሻንጣ ውስጥ ነው። እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ማሬታ ክሩን ታስገባላታለች። ዊኒ ክፍሏን ስለምታካፍል ባለውለታዬ ናት በያት። ኦሪን በተሸነቆረው ጥርሱ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። ቨርጂልም እንዲሁ።

ወንዙ ከረጋ በኋላ አውሮፕላን በበረዶ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አምስት ስድስት ሳምንት ምንም አይደርሰኝም። የመጀመሪያው ፖስታ ሲመጣ ስለ ውጤቷ አትጻፊልኝ፣ ስለ ናፍቆቷም አትጻፊልኝ። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ስሟ ማን እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ።

እህትሽ ሎርና

ዩኮን ወንዝ ዳር፣ አላስካ
ኦክቶበር 4 ቀን 1984