ስንተኛ ወጣች?

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ ጀምሮ ልቤ አላርፍ ብሏል። ዛሬ የተማሪዬ የሀያት አባት ጋሽ ሰዒድ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ካርዷን ይዘው መጡ።

«ቲቸር፣ ልጄ ስንተኛ ወጣች?»

«ዘንድሮ ደረጃ አናወጣም፣ ጋሽ ሰዒድ። ተማሪው የሚችለውንና ገና የሚቀረውን ነው የምንጽፈው።»

አልተዋጠላቸውም። ሀያትን አስጠራኋት። በባትሪ ድንጋይና በሽቦ ትንሽ አምፖል አበራች፤ ለምን እንደበራም አስረዳቻቸው። ከዚያ ሽቦውን አለያይታ እሳቸው ራሳቸው እንዲያገናኙት ሰጠቻቸው። ሲበራላቸው እንደ ልጅ ሳቁ።

«ማሻአላህ! ግን ከማን ትበልጣለች?»

«ከአምናዋ ሀያት።»

«ይሄን ለዘመድ እንዴት ብዬ ልንገረው?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ከሰኞ ጀምሮ ደረጃ ወደሚያወጣ ትምህርት ቤት ሊያዛውሯት ነው። እንዳልቀየማቸው ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁኝ።

ሀያት ሽቦዋን እየጠቀለለች ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ እዚያ ራሳችን እንድንሞክር ይፈቅዱልናል?»

«አዎ» ልላት ፈልጌ ነበር። «ጠይቂያቸው» ነው ያልኳት።