እንደ ሥዕሉ ይሁን የተባለው ወፍጮ

ሰኔ 3
አራት ጆንያ ስንዴ ፈጨሁ። ውሃው ጥሩ ነው፤ መንኮራኩሩ ግን ያቃስታል። ከሳንቃዎቹ ሦስቱ ተሰንጥቀዋል። የባሮኑ ወኪል ኤቨርት ከአዝመራ በፊት አዲስ ጣውላ እልካለሁ ብሏል።

ከአምስተርዳም የመጣው ሰዓሊ ከወንዙ ማዶ ተቀምጦ ዋለ።

«አባባ ወልተር፣ በሩ ላይ ትንሽ ቢቆሙልኝ?»

«ሥራ አለኝ። ላሟን አቁማት፤ እሷ ሥራ የላትም።»

ልጄ ሚና ከት ብላ ሳቀች።

ሰኔ 11
ሥዕሉን አየሁት። ወፍጮው ራሱ ነው… ዛፎቹም፣ ውሃውም። እጁ ይችላል፤ አልክድም። ግን የተሰነጠቁትን ሳንቃዎች፣ ጣሪያው ላይ የበቀለውን ሣር… አንዱንም አልማረኝም።

«ትንሽ ብትታገሥ ጠግኜው ትስለው ነበር» አልኩት።

«ኧረ አባባ! ውበቱ እኮ እሱ ነው።»

ውበት… ውበት እህል ይፈጫል?

ሐምሌ 2
ባሮኑ ሥዕሉን ገዝተው አዳራሻቸው ውስጥ ሰቀሉት አሉ። ወፍጮውም፣ ቤቱም፣ መሬቱም የሳቸው ነው። የኔ ሥራው ብቻ።

ኤቨርት መጣ። «አባባ፣ መንኮራኩሩን እንዳይነኩት። እንግዶች ሥዕሉን እያዩ ቦታውን እንይ ይላሉ። እንዳለ ይቆይ ብለዋል ጌታችን።»

«ጣውላውስ?»

«ማዶ ለእንግዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሠራበት።»

እንዲህ ያለው ነገር ለማን አቤት ይባላል?

ሐምሌ 19
ሦስቱም ሳንቃዎች ወደቁ። መንኮራኩሩ ቆመ።

ሐምሌ 23
የምንበላበትን ጠረጴዛ ፈታሁት። ሚና ጮኸች። «አባዬ፣ ያባርሩናል!» ፊደልም፣ ድንጋይ መውቀርም ማንም ሳያስተምረኝ ነው ያወቅኩት። ለሦስት ሳንቃ ፈቃድ ልለምን?

ሳንቃውን መንኮራኩሩ ላይ ገጠምኩት። ዞረ። በደንብ ዞረ።

ሐምሌ 26
ኤቨርት አናጺውን ሃርምን ይዞ መጣ። ሃርም ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ነው የሚቀመጠው… ሃያ ዓመት።

«ይቅር በሉኝ አባባ፤ ታዝዤ ነው» አለ። ዓይኔን አላየም። ጠረጴዛዬን ነቀለው። አሮጌዎቹን ሳንቃዎች ከቄጠማው ውስጥ ለቅሞ ቦታቸው ላይ ቸነከራቸው።

ኤቨርት ከሥዕሉ የተገለበጠ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱን ያያል፣ መንኮራኩሩን ያያል። «ያቺኛዋ ትንሽ ወደ ግራ ታጋድል… አይ፣ በዛ። መልሳት።»

ወደ ግራ ታጋድል! መዶሻዬ እጄ ላይ ነበር። ምን ላድርግበት? ቤቱ የነሱ… ሚናን የት ልወስዳት? መዶሻውን አስቀመጥኩ።

ነሐሴ 14
አዝመራው ገባ፤ መንኮራኩሩ ግን አይዞርም። ወደ ወፍጮው የሚመጣው ሥዕሉን ያየ ባለ ጃንጥላ እንግዳ ብቻ ነው።

የራሴን ስንዴ ተሸክሜ ከተማ ወዳለው የእንፋሎት ወፍጮ ሄድኩ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ባለ ወፍጮው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ይድቀቅ ወይስ ሽርክት ይሁን?» አለኝ።

አርባ አንድ ዓመት ይህን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ስንዴውን እንደ ልማዴ አሸሁ።

ከኋላዬ የቆመች ሴት ጆንያዬን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። «ቶሎ ይበሉ እንጂ አባቴ!»