ከጠረጴዛዬ እግር ሥር

ሰኞ፣ የካቲት 4

እንግዲህ ልጻፈው። ጠዋት ለጸሎት ስቆም አፌ ድረስ መጥቶ የሚመለስ ነገር አለኝ። ምናልባት በብዕር ይወጣ ይሆናል...

ዛሬም እንደ ወትሮው ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሥራ ገባሁ። አቧራ ጠረግኩ፣ መዝገቤን ዘረጋሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ክንዴን አስደገፍኩ። ጠረጴዛው ንቅንቅ አይልም። የማይነቃነቀው ደግሞ ከኋላ እግሩ ሥር ፋይል ስላለ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ። የሸጎጥኩት እኔ ነኝ።

ያኔ እየተንገዳገደ አላስጽፍ ብሎኝ ነበር። አናጢ ላኩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ማን ሊሰማኝ። አንድ ቀን ተበሳጨሁና ሊወገድ ከተለየው ክምር ወፈር ያለውን መዝዤ ሥሩ ከተትኩት። ልክክ አለ። ደስም አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጣች። የሰፈሬ ሰው ናት፣ የባለቤቴ ጓደኛ። "የኔ ፋይል የት ደረሰ?" መዝገቡን ገለጥኩት። በራሴ እጅ "ወደ መሐንዲስ ተልኳል" ይላል። መሐንዲሱን ብጠይቀው አልደረሰኝም አለ። ስፈልግ፣ ስፈልግ ብዕሬ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ስል ጠረጴዛው እግር ሥር ካለው ፋይል ላይ ቁጥሩን አየሁት። የሷ ነው።

እንዴት እንደሆነ ገባኝ። የሚላኩትን ፋይሎች ገና ሳልልካቸው ጠዋት በአንዴ "ተልኳል" ብዬ እመዘግብ ነበር። ሥራ ይቅለል ብዬ። የሷ ወደሚወገደው ክምር ተንሸራቶ ይሆናል።

ያኔውኑ ባወጣው ምን ነበረበት? መዝገቡ ላይ መዋሸቴ ሊታወቅ ነው። ፋይል በጠረጴዛ እግር ሥር ተገኘ ሊባል፣ መሳቂያ ልሆን ነው። ቀና አልኩና "በሂደት ላይ ነው" አልኳት።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት በሂደት ላይ ነው። ጡረታ ልወጣ አርባ ቀን ቀረኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

የጠየቀችው እኮ ትልቅ ነገር አይደለም። በር ነው። የምትሰፋበት ክፍል አንዱ ግድግዳ ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ያንን ከፍታ በር ላውጣ አለች። አሁን ደንበኛ የሚመጣው በጎረቤት ግቢ ዞሮ፣ ውሻ ጮኾበት፣ የሰው የተሰጣ እርጥብ ሱሪ በጥፊ መትቶት ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጠራራ ፀሐይ ውጭ እያለ እሷ በአምፖል ትሰፋለች። እንደገና እንዳታመለክት የቤቷ ዋናው ሰነድ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ዛሬ ሸሚዜን ይዤ ሄድኩ። ኮሌታው ተበልቷል፣ ትገለብጥልኛለች። የባለቤቴን ነፍስ ይማርና፣ እሷ ካረፈች ወዲህ አንድም ቀን ዋጋ ተቀብላኝ አታውቅም።

መንገድ የሚያዋስነው ግድግዳ ላይ የጡሩምባን ፎቶ ለጥፋለች። የሰው ቁመት ያክላል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"በር ከከለከሉኝ እሱን ለጠፍኩበት።"

ጡሩምባ ለከንቲባነት የሚወዳደረው ነው። ስሙን ያወጡለት ጠላቶቹ ናቸው። እሱም በማግስቱ እውነተኛ ጡሩምባ ገዝቶ መድረክ ላይ ወጣ። ስብሰባ ይበጠብጣል። ሪፖርት ይቀዳድዳል። አንዱን ሹም በቴሌቪዥን "አንተ እንቅልፋም" ብሎታል፤ ሹሙ እንቅልፋም መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ ግን እንዲህ ይባላል?

"ባለጌ እኮ ነው" አልኳት።

"ነው።"

"ይዋሻል።"

"ይዋሻል። ባለፈው በአንድ ንግግር ሦስት ቆጠርኩበት።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ታዲያ?"

"ጋሼ፣ ጨዋዎቹን ዘጠኝ ዓመት አየኋቸው። አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ደህና ይዋሉ እያሉ ነው ያስረጁኝ።"



"ከዚያ መሥሪያ ቤት ሰው የምለው እርስዎን ብቻ ነው" አለችኝ ደግሞ፣ ኮሌታውን አንገቴ ላይ እየለካች። ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ። "መርፌዋ ወጋችዎት?" አለች። አዎ አልኳት።

እሑድ፣ የካቲት 10

ልጄ ለምሳ መጣች። አስተማሪ ናት፣ ወሬው ሁሉ ምርጫው ነው። "አባዬ፣ እነዚህ የጡሩምባ ደጋፊዎች ግን ምን ነክቷቸው ነው? ተታለው እኮ ነው።"

"ሰፊዋ ሦስት ውሸት ቆጥራበታለች" አልኳት።

"እያወቀች ነው? ባሰ።"

ትንሽ ቆይታ ስለ መማሪያ ክፍሏ ጣሪያ ማማረር ጀመረች። ሲዘንብ ያፈሳል፤ አራተኛ ክረምቱ ነው። ልጆቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስባ ነው የምታስተምረው።

"ለማን ነገርሽ?"

"ለሁሉም። ደብዳቤ ጽፌያለሁ።"

"መለሱልሽ?"

"መልሰዋል። በጣም በትሕትና።"

ሳቅ አመለጠኝ። ምን ያስቅሃል ብላ ተቆጣች። ልነግራት አስቤ ነበር... ሳህን አነሳሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጠዋት በጸሎቴ "ይቅር በለኝ" የምትለዋ ጋ ስደርስ ዘልዬአት አለፍኩ። ፈጣሪ ያላስተዋለ መሰለኝ። ሞኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

በምሳ ሰዓት ሞከርኩ። ሰው ሲወጣ ጠብቄ ተንበረከክኩና ፋይሉን ሳብ፣ ሳብ... ንቅንቅ የለም። ጠረጴዛው ከባድ፣ እኔ አሮጌ። ይሄኔ ኃላፊው ገባ።

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ብዕር።"

ብዕሬ ደረት ኪሴ ላይ ተሰክቷል። አይቶታል። ጨዋ ሰው ነው። "በሽኝትዎ ቀን የታማኝነት የምስክር ወረቀት እንሰጥዎታለን። በፍሬም ነው" አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሰፊዋ "የጡሩምባ ስብሰባ አለ፤ አብረን እንሂድና በዓይንዎ ይዩት" አለችኝ። ሄድኩ። የአውቶቡስ መናኸሪያው ጢም ብሏል። ወጣቶች ብቻ ይኖራሉ ብዬ ነበር። የለም፣ የኔ ቢጤ ናቸው። ፎልደር በብብታቸው የያዙ ሰዎች። አንድ ሽማግሌ ታጣፊ ወንበር ይዞ መጥቷል፤ ወረፋ የለመደ ሰው ያስታውቃል።

ጡሩምባ በቅርብ ሲታይ አጭር ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። ግን ማይኩን ሲጨብጥ... "ነገ ተመለስ ተብሎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ" አለ።

ያን ሁሉ እጅ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም።

የኔም ወጣ። ማን አዘዘው? ባለቤቴ ታማ ሳለች፣ መመርመሪያው ተበላሽቷል እየተባልን አራት ሳምንት የተመላለስነው ነገር ነው ያወጣው። ደስ አለኝ፤ ለራሴ መደበቅ ምን ያደርግልኛል። ከሰው መሐል ሆኖ እጅ ማውጣት ደስ ይላል። ለካ የተቃጠልኩት ብቻዬን አይደለም ያሰኛል። ከዚያ ጎኔን ዘወር ስል የሰፊዋ እጅ ተዘርግቷል፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። የሷን እጅ ያስወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እጄን አወረድኩ።

ስንመለስ ጠየቅኳት። "ምን አደርጋለሁ አለ? እኔ አልሰማሁም።"

"ምንም አላለም።"

"ታዲያ በር ያወጣልሻል?"

ሳቀች። "ጋሼ ደግሞ። እሱ ግንበኛ ነው? እኔ የምፈልገው እነዚያ ሰዎች አንዴ ሲደነግጡ ማየት ነው። ዘጠኝ ዓመት እኔ ስደነግጥ አይተውኛል።"

እሑድ፣ የካቲት 17

ልጄ ደወለች። አንድ ሰው ስብሰባው ላይ እጄን ሳወጣ አይቶኝ ነግሯታል። "አባዬ፣ አንተም?" አለችኝ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20



አራት ሰዓት ላይ ጡሩምባ መጣ። ሦስት ካሜራ፣ መቶ የሚሆን ሰው፣ ከፊት ሰፊዋ። አዳራሹ ሞላ። መስኮት ሁለት ላይ ያለችውን ሠራተኛ ስሟን ጠርተናት አናውቅም፤ መስኮት ሁለት ነው የምንላት። ከሌላ ክፍል ተዛውራ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ጡሩምባ የመስኮቷን መስታወት በመዳፉ መታው።

"የዚህች ሴት ፋይል የት ነው?"

መስኮት ሁለት ኮምፒውተሯን አየች፣ ሰፊዋን አየች። "በሂደት ላይ ነው" አለች።

ቃሉ የኔ ነው። የመጣች ሰሞን ባለጉዳይ ሲያጨናንቅሽ እንዲህ በይ ብዬ ያስጠናኋት እኔ ነኝ።

"ሌባዋ ይቻት" አለ ወደ ካሜራው ዞሮ። "ተመልከቷት።" ጭብጨባ። ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። እኔ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። 

እውነቱን ልጻፍ። ኃላፊው ሲሮጥ ዛሬ ገና አየሁ። ጡሩምባ ከሄደ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፉ የተባሉ ስድስት ፋይሎች ተገኙ። አንዱን ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያገኘሁት እኔ ነኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተን አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ መስኮት ሁለት ከሥራ ታገደች።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ወንበሯ ባዶ ነው። ጠፍጣፋ ጫማዋ ከሥሩ ቀርቷል። በመጣችበት ባለ ተረከዝ ጫማ ነው የሄደችው።

ኃላፊው ጋ ገባሁ። "እሷ እኮ አዲስ ናት። ፋይሉ ሲጠፋ እዚህ አልነበረችም" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"ካሜራው የቆመው እሷ ጋ ነዋ። ሰው እንዲበርድለት አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።"

ይህንንም በትሕትና ነው የተናገረው።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ጡሩምባ የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነበር፣ የመታው ሰው ግን ሌላ ነው። እኔስ? በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር። ድምፄን ሳላነሳ ሁለት ሴት ጎዳሁ። ከእሱ በምን እሻላለሁ?

ጡረታዬን ቢይዙብኝስ? ልጄስ ምን ትላለች? ያ በፍሬም ያለው ወረቀት... እሱስ ይቅር።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ዘበኛውን ጠራሁት። ጉልበተኛ ነው፣ ጠረጴዛውን ከነመዝገቡ በአንድ እጁ ብድግ አደረገው። ፋይሉን አወጣሁ።

"ምን ሊያደርጉት ነው?" አለኝ።

"ለባለቤቱ ልሰጠው።"

ከዚያ ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። ፋይሉን ማን እንዳጠፋው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የት እንደነበረ፣ መስኮት ሁለት ምንም እንደማታውቅ። ፈረምኩ። ኃላፊው ሁለቴ አነበበው፣ በሩን ሄዶ ዘጋ።

"ጋሼ፣ ሠላሳ ቀን እኮ አልቀረዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"ማንም አልጠየቀዎትም። ይህን ብቀደው ሁላችንም እናርፋለን።" ለኔ አዝኖ ነው፣ ከልቡ ነው።

"ግርጌውን አላዩትም" አልኩት። ግልባጭ፣ ለመስኮት ሁለት ይላል። ለእሱ ከመስጠቴ በፊት ቤቷ አድርሼዋለሁ። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ያለ ግልባጭ ይጽፋል?

ኃላፊው ግንባሩን ያዘ። ሰኞ ትመለሳለች አለ። የኔን ደግሞ ኮሚቴ ያየዋል። በሂደት ላይ ነኝ ማለት ነው።

ልጄ ጋ ደውዬ ነገርኳት።  "አባዬ... ዘጠኝ ዓመት?" አለች። አላጽናናችኝም። ማታ ግን ደግማ ደውላ በልተህ ነበር ወይ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23

ሄድኩ። ፋይሉን ታቅፌ፣ በጎረቤት ግቢ ዞሬ፣ ውሻው ጮኾብኝ፣ አንሶላ ፊቴን መትቶኝ ደረስኩ። ሰፊዋ ፔዳሉን እየረገጠች ነበር። ፋይሉን የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቁጥሩን አየችው። ፔዳሉ ቆመ። ሽፋኑን በጣቷ ዳበሰች፤ መሐሉ ላይ ክብ ጉድጓድ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጠረጴዛዬ እግር ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ከፍታ የቤቷን ሰነድ አወጣች፣ ፎቶዎቹን አወጣች። አንዱ ፎቶ ላይ ግድግዳዋ ጋ ቆማለች፣ ፀጉሯ ጥቁር ነው።

"ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝህን ሰፋሁልህ" አለችኝ። አንቱታው ቀረ።

"አዎ።"

"ያቺን ምስኪን ሌባ ሲላት አጨበጨብኩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር።"

"ቆሜ ነበር።"

ፎቶውን በግንባሩ ደፋችና "ነገ እሱኑ ነው የምመርጠው" አለች።

"ያን ሁሉ አይተሽ?"

"አይቼ። ስለ ልጅቷ ጠልቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። እሱ መጥቶ ባይጮህ፣ አንተ ይህን ይዘህ ትመጣ ነበር?"

የምለው ነበረኝ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ ተንበርክኬ ስቤዋለሁ፣ በጸሎት ስታገል ነበር... ሁሉም እውነት ነው። አንዱም መልስ አይሆንም።

"አልመጣም ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፋይሉ መለሰች፣ በክር አሰረችው። ውጣ አላለችኝም፣ ተቀመጥም አላለችኝም።

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ድረስ" አለች በመጨረሻ። "ወረፋው ላይ ከፊቴ ትቆማለህ።"

"ከፊትሽ?"

"ከፊቴ። ነገ ተመለሱ ሲሉ መጀመሪያ አንተ ትሰማዋለህ።"